በእኔ ስም የተጫኑት

እኔ ደግ ሰው አይደለሁም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ‹‹ቲቸር እኮ ለጎዳና ሰዎች ስትል ነፍሷን ነው የምትሰጥ›› እያሉ ሲያሞግሱኝ ስለሚያንገሸግሸኝ ነው። አሞጋሾቼን አውቃቸዋለሁ። ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ በረንዳው ላይ የተኛውን ሰው እጣቢ ደፍተው የሚያስነሱ፣ ከሰዓት ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ‹‹እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ›› የሚሉኝ ናቸው።

እኔም ብሆን ሐይቅ ከተማ ባዮሎጂ ሳስተምር ከኖርኩበት ዘመን አብዛኛውን ያሳለፍኩት እንደነሱው ሆኜ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ካርቶን አንጥፎ የተኛ ሰው ካየሁ መንገዱን ተሻግሬ በወዲያ በኩል እሄድ ነበር። ሳንቲም ካለኝ እሰጣለሁ፤ ከሌለኝ ‹‹እግዜር ይስጥህ›› ብዬ አልፋለሁ። ከዚያ በላይ አላስብም።

አንድ ጠዋት ደሴ ለመሄድ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ እዚያው መናኸሪያ በር ላይ የሚያድር ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ድንገት በጀርባው ወድቆ ይንፈራገጥ ጀመር። ሰው ከበበው፤ ክቡ ግን ሰፊ ነበር፣ ሠርገኛ የሚጨፍርበት ያህል። አንዱ ክብሪት ጭሮ ‹‹አሽትቱት! አሽትቱት!›› እያለ ለሌላ ሰው ያቀብላል። የሚቀበለው የለም።

‹‹እንዳትነኩት! ይጋባል!›› አለች አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

በዚህ መሃል ከማዶ ካለው ፀጉር ቤት አንድ ሰው ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ሮጦ መጣና ተንበረከከ። ጋውኑን አወለቀ፤ አጥፎ ከሰውዬው ራስ ሥር አደረገው፤ ቀስ ብሎም በጎኑ አስተኛው። ‹‹አረፋው ይነካሃል!›› ብለው ጮኹበት።

‹‹ቢነካኝስ?›› አለ ቀና ሳይል። ‹‹ምራቅ ነው እንጂ እሳት አይደል!››

ያን ጊዜ ነው እኔም አፌን የከፈትኩት። ‹‹የሚጥል በሽታ አይጋባም!›› ብዬ እንደ ክፍል ውስጥ ጮኽኩ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያደረገችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ፤ ራሴ ያስተማርኳት ልጅ ነበረች። ‹‹ቲቸር፣ መጽሐፍ ሌላ ኑሮ ሌላ›› አለችኝ። ፈተና ላይ ይህንኑ ጥያቄ አግኝታ በትክክል እንደመለሰችው እርግጠኛ ነኝ።

ደሴ ሳልሄድ ቀረሁ። ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ሰውዬው እስኪነቃ ተቀምጠን ጠበቅን። እንዲህ ተዋወቅን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በፀጉር ቤቱ ጓሮ ለጎዳና ሰዎች መታጠቢያ ውሃ ማሞቅ ጀመርን። እሱ ፀጉርና ጢም ይላጫል፣ እኔ ልብስ አጥባለሁ፣ ምሳም እናበላለን። ማኅበር አይደለንም፤ ስም የለንም፤ ማኅተም የለንም። ‹‹ከየትኛው ድርጅት ነው የምታገኙት?›› ብሎ ያልጠየቀን ሰው ግን የለም።

ምሳው ራሱ አንድ ራስ ምታት ነበር። ሥጋ ብንሠራ የማን እርድ ነው የሚል ነገር ይመጣል። ስለዚህ ከሐይቁ የሚወጣ ዓሣ በሽሮ እናቀርብ ነበር፤ ዓሣ እርድ የለውም፣ እስላምም ክርስቲያንም ይበላዋል ብለን። ጾም ሲገባ ደግሞ ጎረቤቶቼ ‹‹በጾም ዓሣ ታበያለሽ አሉ!›› ብለው ተነሡብኝ። ከሳምንት እስከ ሳምንት ምን በልቶ እንደሚሰነብት አንድም ቀን ጠይቀው ለማያውቁት ሰው ጾሙን ይጠብቁለታል።

ትልልቅ ድስቶች ስለቸገሩን የእድራችንን ድስት እንድንዋስ በስብሰባ ላይ ተነሥቼ ጠየቅሁ። የእድራችን ዳኛ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሸጡ፣ ልጆቻቸውን በሙሉ ያስተማርኩላቸው፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ‹‹ቲቸር፣ የእድር ዕቃ ለሐዘን ነው። ሰዎቹ እግዜር ሲጠራቸው እኮ አፈር እናለብሳቸዋለን፤ ከፈንና ንፍሮም ከልክለን አናውቅ›› አሉ። ጉባኤው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

‹‹እንግዲያው እስኪሞቱ እንጠብቃ!›› ብዬ ተቀመጥኩ። ‹‹ተቆጣች›› ተባልኩ። የተቆጣሁበት ነገር ግን በቃለ ጉባኤ አልተጻፈም።

ቅዳሜ የሚመጡት ሰዎች ቁጥራቸው ከፍ ዝቅ ይላል። የማይቀሩት ሦስት ነበሩ። አንደኛው ያ የወደቀው ሰው ነው። ሁለተኛዋ ጥቅሎቿን ተሸክማ የምትዞር ሴት ናት። ከተማው ‹‹እብዷ›› ይላታል። በማዳበሪያና በፌስታል የታሰሩ ጥቅሎቿን አጠገቧ ደርድራ ካላየቻቸው እህል አትቀምስም፤ ‹‹ደኅና ዋላችሁ›› ከማለት በቀር አትናገርም። ሦስተኛው በቆርቆሮ ሱቆቹ መደዳ በረንዳ ላይ የሚያድሩ ሽማግሌ ናቸው። ግንበኛ ነበሩ። ከመወጣጫ ወድቀው ቀኝ እግራቸው ተሰበረ፤ ወጌሻ ጠምዝዞ ገጠመውና ሥራ ቀረ። ዓይናቸው ግን ሥራ አላቆመም። በጓሮው አጥር ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ‹‹ይህን የገነባ ሰው ውሃ ልክ አያውቅም። ወይ ቸኩሏል፣ ወይ ተርቧል›› ይላሉ። ስለ ድንጋይ ሲያወሩ እሰማቸው ነበር። አገራቸው የት እንደሆነ፣ ዘመድ እንዳላቸው ግን ጠይቄያቸው አላውቅም። ይህን የምጽፈው እየተናደድኩ ነው፤ በሌላ ሰው አይደለም።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። በቆርቆሮ ሱቆቹ መደዳ አዲስ ሕንፃ ሊመረቅ ነበር፤ ከደሴም ከአዲስ አበባም እንግዳ ይመጣል ተብሎ በረንዳው ይታጠባል፣ ባንዲራ ይሰቀላል። እኔ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳ እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ደጋግሞ ጠራ። ፀጉር አስተካካዩ ነበር።

‹‹ቲቸር፣ ዛሬ ምሳ አዘጋጅተሻል እንዴ?››

‹‹ዛሬ ዓርብ አይደል እንዴ? ለምን?››

‹‹ወላሂ፣ እንዲያው ልቤ ጠርጥሮ ነበር። ሰዎቻችንን አይሱዙ ላይ ጭነው ወሰዷቸው። ‹ቲቸር ምሳ አዘጋጅታ ትጠብቃችኋለች› ብለዋቸው ነው የወጡት።››

የሆነው ይህ ነው። የመደዳው ነጋዴዎች ተመካክረው መኪና ተከራዩ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሦስቱን ጫኗቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ አሻፈረኝ ብለው ነበር አሉ። የእኔ ስም ሲጠራ ግን ዱላቸውን አቀብለው ወጡ። ባለ ጥቅሏን ‹‹ዕቃሽ ይመጣልሻል›› ብለው ያለ ጥቅሎቿ አወጧት። መኪናው በወልድያ መንገድ ወደ ውጫሌ ሄደ።

ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ። ፀጉር አስተካካዩ ጁምዓውን ሰግዶ ፀጉር ቤቱን ዘጋ፤ ሚኒባስ ተሳፈርን። አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ወሬያችንን ሰምቶ፣ ‹‹መንግሥት ለምን አይሰበስባቸውም?›› አለ። ቀጥሎም፣ ‹‹ለምዶባቸው የሚለምኑ ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ልመናን ሥራ አርገውት›› አለ። ቀጥሎ፣ ‹‹ዘመዶቻቸውስ ምን ይላሉ?›› አለ። እስከ ውጫሌ ድረስ ጥፋተኛ ሲፈልግ ቆየ፤ ራሱን ብቻ ዘለለ። ፀጉር አስተካካዩ ‹‹አብሽሪ›› እያለ እጄን ባይዘው ኖሮ እዚያው ሚኒባሱ ውስጥ እጣላ ነበር።

ውጫሌ ገበያ ነበር። ሽማግሌውን ያገኘናቸው ባጃጆች ከሚቆሙበት ጥግ፣ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው ተቀምጠው ነው። አጠገባቸው ስቆም ቀና አሉ።

‹‹መጣሽ?›› አሉኝ። ‹‹ምሳው የታለ?››

አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

‹‹አንቺ አልላክሽም አይደል?››

‹‹አልላክሁም አባባ። በእናቴ ሥጋ፣ አልላክሁም።››

‹‹እኔም መኪናው ከከተማ ወጥቶ አርዲቦ መገንጠያን ሲያልፍ ገብቶኛል። ግን ያንቺ ስም ባይጠራ መች እወጣ ነበር?›› አሉና እንደገና ወደ ግንቡ ዞሩ።

በሕይወቴ ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ ይህ የበለጠ ነው፤ ስድብም አልነበረም።

ያ የሚጥለው ሰው መስጊዱ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። መኪናው ላይ ጥሎት ኖሮ ግንባሩ ተላልጧል፤ አንድ የማናውቃቸው ሰው ውሃ አጠጥተው ጥላ ውስጥ አስገብተውታል። ባለ ጥቅሏን ለማግኘት ግን ገበያውን ሁለቴ ዞርነው። ያገኘናት ከእህል ነጋዴዎቹ መሃል ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው ማዳበሪያ እየገለጠች የራሷን ትፈልጋለች። አንዱ ሊመታት ዱላ አንሥቷል። ፀጉር አስተካካዩ መሃል ገባ።

‹‹ከሐይቅ ናችሁ አይደል?›› አለ ባለ ዱላው ስለ ነገሩ ስንነግረው። ‹‹ጥራጊያችሁን እኛ ላይ ትደፋላችሁ! ነገ እኛም አይሱዙ ተከራይተን እንመልስላችኋለን።››

‹‹ሰው ነው፣ ጥራጊ አይደለም›› አልኩት።

‹‹ሰው ከሆነ እዚያው ለምን አላኖራችሁትም?›› አለኝ።

የሚያናድደው ነገር ልክ መሆኑ ነው። የከተማዬን ነጋዴዎች ልሰድብ ከቤቴ የወጣሁ ሰው፣ ውጫሌ ገበያ መሃል ቆሜ ለሐይቅ ጥብቅና ስቆም ራሴን አገኘሁት። ‹‹የእኛ ሕዝብ እንዲህ አይደለም›› አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ አየት አድርጎኝ መሬት መሬት አየ።

ወደ ሽማግሌው ስንመለስ አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ባለ ባጃጅ ፊታቸው ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። ‹‹ድምፅዎን ሰምቼ ነው›› ይላቸዋል። ‹‹አንቱ የአባቴ ወንድም፣ ግንበኛው አይደሉም?››

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ይበልጥ ሳብ አደረጉ። ‹‹ሰው ተሳስተሃል ወንድሜ። እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም።››

‹‹በአላህ! እግርዎን ምን ሁነው ነው?››

‹‹አይደለሁም አልኩህ!››

ሰውዬው ግራ ገብቶት ተነሣ። እኔንም አየኝ፤ እኔም የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ፀጉር አስተካካዩ ግን ‹‹ለማንኛውም ያዘው›› ብሎ የስልክ ቁጥሩን ሰጠው።

መመለሻ አጣን። ሦስት ሚኒባሶች አልጫኑንም። አንዱ ረዳት ‹‹ይሸታሉ፤ ሰው ይወርድብናል›› አለ፤ ሌላው ባለ ጥቅሏን አይቶ በሩን ዘጋ፤ ሦስተኛው የሚያውቀኝ ኖሮ ‹‹እርስዎ ይግቡ ቲቸር፣ እነሱ በሌላ ይምጡ›› አለኝ፤ እንደ ማክበሩ ነው። በመጨረሻ ጭድ የጫነ መኪና አገኘን። ሾፌሩ ምንም አልጠየቀ። ‹‹ከላይ ከተመቻችሁ ውጡ›› አለ። እኔም የትምህርት ቤት ጫማዬን ይዤ ጭድ ላይ ወጣሁ።

መንገድ ላይ፣ የአምባሰል ተራራ በስተጀርባችን ሲቀር፣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ‹‹ልጅየው የወንድሜ ልጅ ነው›› አሉ።

‹‹ምን?››

‹‹ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከውጫሌ በላይ ያለው መንደር ነው አገራችን።››

የቀኑ ንዴት ሁሉ ባንዴ ገነፈለብኝ፤ በእሳቸውም ተናደድኩ። ‹‹ታዲያ ለምን ካዱት አባባ? ሰው ዘመድ አግኝቶ እንዲህ ይላል?››

ረጋ ብለው አዩኝ። ‹‹አንቺ ልጅ፣ እኔ ከዚያ አገር የወጣሁ ቱምቢና መዶሻ ይዤ ነው። ‹ባለሙያ ሄደ› ተብዬ። ዛሬ በገበያ ቀን ከጭነት መኪና እንደ ከሰል ተራግፌ፣ ‹አዎ እኔ ነኝ› ልበለው?›› አሉ። መልሰውም እስከ ሐይቅ ድረስ ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

እንደደረስን ሳልታጠብ፣ ጭዱን ከፀጉሬ ሳላራግፍ ቀጥታ ወደ እድራችን ዳኛ ሱቅ ሄድኩ። ምርቃቱ አልቆ ወንበር ይሰበስባሉ።

‹‹ጋሼ፣ እርስዎም አሉበት?››

አልካዱም። ‹‹ቲቸር፣ ለአንድ ቀን እንግዳ ፊት እንዳናፍር ብለን ነው። አልመታናቸው፣ አልሰደብናቸው። ዳቦ ገዝተን ሰጥተናቸዋል እኮ።››

‹‹በእኔ ስም ለምን?››

ጥያቄው ገረማቸው። ‹‹የሚያምኑት አንቺን ነዋ›› አሉ፣ ደግሞ እኮ ሲያመሰግኑኝ ነው። ‹‹በግድ ብናወጣቸው አይከፋም ነበር?››

እኚህን ሰው እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ያደሩ፣ ሬሳዋን የተሸከሙ ሰው ናቸው። ‹‹እርስዎ ዛሬ የወሰዱብኝን ነገር በዳቦ አይመልሱትም›› ብዬ ወጣሁ። ከኋላዬ ‹‹ምን ወሰድኩባት?›› ብለው ሠራተኛቸውን ሲጠይቁ ሰማሁ። የምራቸውን ነበር።

የባለ ጥቅሏን ጥቅሎች ቆሻሻ መጣያው ላይ አገኘናቸው፣ ግማሾቹን። ውስጣቸው የሕፃን ልብስ ነበር። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ የሕፃን ልብስ። ስንሰጣት አንድ በአንድ እያወጣች አሸተተችና መልሳ አሰረች። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አላውቅም፤ እሷም አልነገረችን።

በማግሥቱ ቅዳሜ ዳኛው አንድ ጆንያ ሩዝ አሸክመው መጡ፤ ፎቶ የሚያነሣ ሰውም ይዘዋል። እኔ ‹‹ይዘውት ይመለሱ›› አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ‹‹ፎቶው ይቅር፤ ሩዙ ግን ይግባ። እሳቸውም ከፈጣሪ አጅር ይፈልጋሉ›› አለ። ጓሮው ውስጥ ተጨቃጨቅን። ሽማግሌው ከተቀመጡበት፣ ‹‹ሩዙ ምን አጠፋ?›› አሉ። ገባ። እኔ ግን አላበሰልኩትም፤ ፀጉር አስተካካዩ አበሰለው፤ አረረም።

ወር ያህል ቆይቶ ባለ ባጃጁ ከውጫሌ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ጋ ደውሎ ነው። ሽማግሌው ድምፁን ሲሰሙ ከፀጉር ቤቱ መጋረጃ ኋላ ገቡ። ሰውዬው መጋረጃውን አልገለጠውም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ለመጋረጃው ይናገር ጀመር። ‹‹አባቴ ሲሞት አንቱን ሲጠራ ነው የሞተ። ‹ግንበኛውን ፈልጉልኝ› ሲል። ቤት አለ። የሚያፍርብዎት ሰው የለም፤ ቢኖርም እሱ ይውጣ።››

ከዚያ መጋረጃው ተገለጠና ሽማግሌው ወጥተው፣ የወንድማቸውን ልጅ አልፈው፣ የመላጫ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ‹‹በል እንግዲህ አሳምረህ ላጨኝ›› አሉት ፀጉር አስተካካዩን። ተላጭተው፣ ያጠብኩትን ሸሚዝ ለብሰው ሄዱ። ሲሳፈሩ ጉልበታቸውን ልስም ብዬ ከለከሉኝ።

ደስ ሊለኝ ነበር። ሁለት ቀን እንኳ አልቆየልኝም። መደዳው ሁሉ፣ ‹‹ዘመድ እያላቸው ነው ለካ ያን ሁሉ ዓመት የለመኑን! አየሽ ቲቸር፣ ሁሉም እንዲህ ነው›› ይሉኝ ጀመር። በር ላይ ለወደቀ ሰው ‹‹ዘመድ የለህም?›› ይላሉ፤ ዘመድ ሲመጣለት ‹‹አታለለን›› ይላሉ። ያ የሚጥለው ሰው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ጀምሮ ፀጉር ቤቱን ይጠርጋል፤ በዚህ የተነሣ ሁለት ደንበኞች ቀርተዋል። ፀጉር አስተካካዩ ‹‹ረዝሞባቸው ይመለሳሉ›› ይላል። እስካሁን አልተመለሱም።

ባለፈው ሰሞን ጠዋት ወደ ክፍል ልገባ ስል ዳኛው ደወሉ። ‹‹ቲቸር፣ ሰዎችሽ መጥተዋል። ሕፃን የታቀፈች ሴት በረንዳዬ ላይ አድራለች። ነይና ውሰጃት።››

‹‹ሰዎችሽ›› ሲሉኝ ደሜ ፈላ። ልጮህ ነበር፤ ተማሪዎቹ አዩኝ። ‹‹ጋሼ፣ ቁርስ በልታለች?›› አልኩ።

‹‹እኔ ምን አውቄ!››

‹‹ሻይ ቤቱ ከጎንዎ ነው። ይጠይቋት። እኔ ክፍል አለብኝ›› ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

በዕረፍት ሰዓት ስደርስ ሴትዮዋ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ዳቦ በሻይ እየነከረች ሕፃኗን ታቀምሳለች። ዳኛው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው በራቸው ላይ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ባዶ የሻይ ብርጭቆ ይዘዋል።

‹‹ይህ የመጨረሻ ነው›› አሉኝ ሳያዩኝ።

ሰላም ብያቸው ወደ ሴትዮዋ አለፍኩ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬም ከየት እንደመጣች ጠየቅኋት።